ጥቆማ፦ ጉትያማ ዶሮ ለመጀመር እንቁላል፣ ጫጩት ወይስ ያደገ? መጠጫስ የቱ?

ቄብ ፈላጊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፖሊሽ የሚባለውን፣ አናቱ ላይ የላባ ኳስ የተሸከመውን ዶሮ ለመያዝ ቆርጫለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለጀማሪ የሚያዋጣው የሚፈለፈል እንቁላል ነው፣ የአንድ ቀን ጫጩት ነው ወይስ ያደገ? ሁለተኛው መጠጫ ነው። ክቡ ፕላስቲክ፣ ኩባያ ወይስ ኒፕል (ዶሮዋ በመንቁሯ ስትነካው ውሃ የሚሰጠው ጫፍ)? እባካችሁ የያዛችሁ ሰዎች መልሱልኝ።

የጓሮ ሰው፦
መጠጫው ላይ ክርክር የለም፣ ኒፕል ነው። አፈ ሰፊ ዕቃ ካስቀመጥሽ ጉትያው ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። በረጠበው ላባ ላይ ዱቄት መኖ ይጋገርበታል። ከዚያ ወደ ዓይን ይወርድና ዓይኗ ያብጣል። ኒፕሉን ቀና ብላ በምትደርስበት ከፍታ ስቀዪው፣ አለቀ።

ሰባት ጎጆ፦
ኒፕል ያንጠባጥባል። ከሥሩ ያለው ጉዝጓዝ ይረጥብና ሽታው አያስቀምጥም። እኔ ከኩባያው ንቅንቅ አልልም። የሚገባው መንቁሯ ብቻ ነው፣ ጉትያው ውጪ ይቀራል።

የጓሮ ሰው፦
የሚያንጠባጥበው ጎማው ስላለቀ ነው። ቀይረው።

እንቁላል በገፍ፦
ምክሬን ከሰማሽ ፖሊሹን ተዪውና ሌግሆርን ያዢ። ነጭ እንቁላል ሳታቋርጥ ትጥልልሻለች፣ መኖም አትፈጅም። ፖሊሽ ለዓይን ነው እንጂ ለቤት አይሆንም።

ነገረኛው፦
ድመት ፈልጎ ለመጣ ሰው ላም ማስመረጥ ይሏል ይሄ ነው።

እንቁላል በገፍ፦
እንቁላል አላለችም እንዴ? ከላይ ተመልከት።

ነገረኛው፦
«የሚፈለፈል» የምትለዋን ዘለልካት መሰለኝ።

ላባ በላባ፦
እህቴ፣ መጠጫውን ተዪውና መጀመሪያ ከሻጭ ተጠንቀቂ። የሰውዬውን ስም አልጠራም። ጥቁር ሆነው ነጭ ጉትያ ያላቸው ዶሮዎች ፎቶ ላከልኝ፣ ሲያዩት የሚያፈዝ። የአንድ ቀን ጫጩት አዘዝኩ። ከመጡት ግማሾቹ እባብ ራስ ናቸው፣ አናታቸው ልሙጥ። ደውዬ ብጠይቀው «ቆይ፣ ሲያድጉ ይወጣላቸዋል» አለኝ። አደጉ። ማጅራታቸው ላይ ጥቂት ላባ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች እንጂ ሌላ ነገር የለም። እንደገና ብደውል «መኖህን ቀይር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አያነሳም።

ያልታደለ፦
እኔማ ሁሉም ቄብ ናቸው ተብዬ ወስጄ ሁሉም ጮሁብኝ። ጎረቤት አኩርፎኛል።

ሰባት ጎጆ፦
መኖ ቀይር ያለው ነገር ገደለኝ። ምን በልተው ነው ጉትያ የሚያበቅሉት?

ታማኝ ደንበኛ፦
ሁሉንም ሻጭ በአንድ ዓይን አትዩ። እኔ ለዓመታት የምገዛው ከአንድ ሰው ነው፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። አሁን ሱልጣን የሚባለውን ዝርያ ሰጥቶኛል። ነጭ ናቸው፣ ጉትያና ጢም አላቸው፣ እግራቸው ላባ በላባ ነው። ፈላጊዋ፣ በውስጥ መስመር አውሪኝ፣ አገናኝሻለሁ።

ጸጥተኛዋ፦
ወደ ጥያቄው ብንመለስ ጥሩ ነው፤ የላባ በላባም ችግር መልሱ እዚያው ውስጥ ነው።

ንጹህ ፖሊሽ ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ ያስታውቃል። አናቱ ላይ እብጠት አለ፣ እብጠቱ ላይ ደግሞ የቆመ ለስላሳ ላባ። ከሥሩ ያለው የራስ ቅል ራሱ ጉብ ያለ ነው። ዳርዊን ሳይቀር በ1868 እ.ኤ.አ. ስለዚህ የራስ ቅል ጽፏል። አናቱ ልሙጥ የሆነ ጫጩት ሲያድግ ጉትያ አያወጣም። ከልሙጥ ዶሮ ጋር የተዳቀለ ከሆነ ደግሞ ጉትያው ትንሽ ይሆናል፤ ላባ በላባ የገጠመው ይሄ ይመስለኛል።

እንቁላል ከውጪ ሲታይ ምንም አይናገርም። ወላጆቹን ካላየሽ የምትገዢው የሰውየውን ቃል ነው። መንገድ ተጉዞ የመጣ ከሆነ ሹል ጫፉን ወደታች አድርገሽ አንድ ቀን አሳርፊው። ከዚያ ማራገቢያ ባለው ማስፈልፈያ 37.5 ዲግሪ፣ 21 ቀን። ፖሊሽ ራሷ እምብዛም አትታቀፍም። ማስፈልፈያ ከሌለሽ ሲልኪ የምትባለውን የዶሮ ዝርያ ፈልጊ፣ እሷ ድንጋይም ብትሰጫት ትታቀፋለች።

ያደገ ከገዛሽ ጾታውም ይታያል። የሴቷ ጉትያ ላባ ጫፉ ክብ ስለሆነ ኳስ ይሠራል። የወንዱ ቀጭንና ሹል ነው፣ ተበትኖ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ግን ጾታውን በጉትያ አውቃለሁ የሚልሽን አትመኚ። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ጉትያው ወጥቶ የሚታይ ቄብ ነው።

አንድ ነገር ለታማኝ ደንበኛ። ሱልጣኖቹ ስንት ጣት አላቸው?

ታማኝ ደንበኛ፦
እንደማንኛውም ዶሮ አራት ናቸው። ምነው?

ጸጥተኛዋ፦
ሱልጣን አምስት ጣት አለው። በ1854 እ.ኤ.አ. ከቁስጥንጥንያ ወደ እንግሊዝ ተልከው ኤልዛቤት ዋትስ የተቀበለቻቸው ዶሮዎች ናቸው የዝርያው መነሻ። አምስተኛው ጣት አንዱ መለያው ነው። ኡዳን የሚባለው ዝርያም እንደዚሁ፣ ሲልኪም እንደዚሁ። አራት ከሆነ ቅልቅል አለበት።

ታማኝ ደንበኛ፦
ሰውዬውን ጠየቅኩት። ጣት ዋና አይደለም ብሏል። እኔ አምነዋለሁ።

ነገረኛው፦
መኖ ቀይር አላለህም?

ታማኝ ደንበኛ፦
ስድብ አያስፈልግም። ዶሮዎቼ ጤነኛ ናቸው፣ ያምራሉ፣ በቃ።

ቄብ ፈላጊዋ፦
ጸጥተኛዋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ውስጥ ሌሎች ዶሮዎች አሉኝ። ከነሱ ጋር ብደባልቃት ችግር አለው?

ጸጥተኛዋ፦
አለው። ጉትያው ለሌሎቹ መጫወቻ ነው፣ እየነቀሉ ያራቁቷታል። ጫጩት ከሆነች ይብሳል። እዚያ አናት ላይ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ያልተገጠመበት ቦታ ስላለ አንድ ጠንካራ ንክሻ ሊገድላት ይችላል። ለብቻ ያዣት ወይም ከሲልኪ ጋር አድርጊያት።

ሌላው፣ ከላይና ከጎን አታይም። ድንገት ብትነኪያት በድንጋጤ ትበራለች። ስትቀርቢ እያወራሽ ቅረቢ። ጭልፊትም ሲመጣባት አታየውም፣ ስለዚህ ግቢው ከላይ መረብ ይኑረው።

ዓይኗን የሸፈነውን ላባ መቁረጥ ትችያለሽ። ጫፉ ክብ የሆነ መቀስ ያዢ፣ አንድ ሰው ደግሞ ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልሎ ይያዝልሽ። ከመቁረጥሽ በፊት የላባውን ሥር እዪ። ጠቆር ወይም ሰማያዊ ብሎ ከወፈረ ገና እያደገ ነው፣ ውስጡ ደም አለ። እሱን አትንኪው።

የጓሮ ሰው፦
ቅማልም ጨምሪበት። ጉትያውን በጣትሽ ከፍለሽ ሥሩን በባትሪ ተመልከቺ። የቅማል እንቁላል የላባው ሥር ላይ ነጭ ሆኖ ተጣብቆ ይገኛል። ቀዩ ተባይ ግን ሌላ ነው። ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አታገኚውም፣ የቆጡ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል። ዶሮዋን የተባይ ማጥፊያ ዱቄት ነስንሰሽ ቆጡን ከተውሽው ከንቱ ድካም ነው። ዱቄቱን የእንስሳት ሐኪም ይምረጥልሽ፣ ዓይን አጠገብ ስለሆነ።

ያልታደለ፦
ፈላጊዋ፣ ታዲያ የቱን ልትወስጂ ነው? አውራ ከፈለግሽ እኔ ጋ ሞልቷል።

እንቁላል በገፍ፦
ጥያቄ ላስገባ። ጉትያማ ዳክዬ የሚባል አለ ወይ? ፎቶ አይቼ ቅንብር መስሎኝ ነበር።

ታማኝ ደንበኛ፦
አለ። የኔ ሰውዬ ጋ ይገኛል።

ጸጥተኛዋ፦
እውነት ነው፣ አለ። ግን ሁለት ጉትያማ ዳክዬ አታዳቅል። ጉትያውን ከሁለቱም ወላጅ የወረሰው ሽል እንቁላሉ ውስጥ ይሞታል። አንዱን ወላጅ ልሙጥ ማድረግ ነው። ዶሮ ላይ ይሄ ችግር የለም።

ሰባት ጎጆ፦
የጓሮ ሰው፣ የኒፕሉ ጎማ ለብቻው ይገኛል ወይስ ከነዕቃው ነው የሚቀየረው?