ዳዊቱን አውቀዋለሁ፣ ጸሎቱ ግን የኔ አልሆነም

ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው፤ አባቴ ቄስ ናቸው። ዳዊት የደገምኩት በ9 ዓመቴ ነው። 150ውንም መዝሙር በግዕዝ እወጣዋለሁ፣ ትርጉሙን ግን አላውቅም። (የቅኔ አገር ልጅ ሆኜ!)

አሁን 26 ዓመቴ ነው፣ ደብረ ማርቆስ እሠራለሁ። ባለፈው ፍልሰታ 15ቱንም ቀን ጾምኩ፣ አስቀደስኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እንጂ ለእግዚአብሔር ብዬ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ማታ ማታ የዮሐንስን ወንጌል በአማርኛ ማንበብ ጀመርኩ። ደስ አለኝ። ዳዊቱን ስይዝ ግን አፌ ብቻ ይሮጣል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «ስግደት ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ፤ ጉልበቴ ዛለ እንጂ ልቤ ያው ነው። አባቴማ ቢሰሙ «ልጄ ጴንጤ ሆነ» ብለው ይደነግጣሉ። ቤተ ክርስቲያኔን መተው አልፈልግም።

እንደኔ የነበራችሁ፣ በልጅነት የሸመደዳችሁት ጸሎት የራሳችሁ የሆነው ከምን ጀምራችሁ ነው?