ለፒያኖ ልምምድም ለሚዲ ቅንብርም የሚሆን አንድ መሣሪያ ለመምረጥ እባካችሁ አማክሩኝ

ፒያኖ ለመለማመድም ሆነ በኮምፒውተር ሙዚቃ ለማቀናበር የሚያገለግል፣ እንደ እውነተኛ ፒያኖ ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎች ያሉት ዲጂታል ፒያኖ ለመግዛት አስቤ፣ አቅሜ ከሚፈቅድልኝ መካከል ያማሃ ፒ-45ን ከሮላንድ ኤፍፒ-10 መምረጥ አቅቶኛል። ሁለቱም በዩኤስቢ ገመድ የሚዲ መልእክት፣ ማለትም የትኛው ቁልፍ በምን ያህል ብርታት እንደተመታ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ምልክት ይልካሉ፤ ሮላንዱ በብሉቱዝም ይልካል። በአንድ ጊዜ ሊያሰሙ የሚችሉት የድምፅ ብዛት ለያማሃው 64፣ ለሮላንዱ 96 ነው። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ የቁልፉ ስሜት ይበልጣል፤ ሚዲ የምቱን ብርታት እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ስለሚመዘግብ፣ ለስላሳውንና ብርቱውን ምት በትክክል የማይለይ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ ሕይወት ያሳጣዋል።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሁለቱም የድምፅን ጩኸት ሳይሆን ቅጥነትና ውፍረት እያንሸራተተ የሚቀይረው ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ድምፅ ሳቀናብር ያለ እርሱ መሥራት ይከብደኛል። ታዲያ ፒያኖውን ገዝቼ ይህ መቆጣጠሪያ ያለው አነስተኛ ሚዲ ኪቦርድ ብጨምርበት ይሻላል፣ ወይስ ሁሉን ያሟላ ነገር ግን የራሱ ድምፅ የሌለው ባለ 88 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ ልግዛ? ኮምፒውተር ሳልከፍት መለማመድ ስለምፈልግ ልቤ ወደ ፒያኖው ያደላል። በሁለቱም ፒያኖዎች የተጫወታችሁ ካላችሁ፣ በፍጥነት ሲደጋገም ቶሎ የሚመለሰው የየትኛው ቁልፍ ነው?