ቪትዝን ግቢ ውስጥ ማንሳት፦ ብሎኬት ይበቃል ወይ?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ወገኖች። ቪትዝ አለችኝ። የፊት ፍሬን ሸራ ልቀይር ነው፣ እግረ መንገዴን የሞተር ዘይቱንም ባወርድ ብያለሁ። ያለኝ ክሪክ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ትንሹ ብቻ ነው። ግቢው ዋልካ አፈር ነው፤ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤቴ «ብሎኬት ደርድረህ አስቀምጣትና ግባ፣ ምን ያስጨንቅሃል» አለኝ። ከቤት ሥራ የተረፈ ብሎኬት ሞልቶኛል። ይሆናል? እጄ ሥራ አይፈራም፣ መኪና ግን አንስቼ አላውቅም።

መካኒክ፣ ቡሬ
ወንድሜ፣ ብሎኬቱን እርሳው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። የተሠራው ለግድግዳ ነው፣ ክብደት በሰፊው ተዘርግቶ እንዲያርፍበት። የመኪና ክብደት ግን በአንዲት ጠባብ ብረት በኩል ነው የሚወርድበት። ብረት ሲሸነፍ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ታየዋለህ። ብሎኬት ምልክት አይሰጥም፤ ድንገት ይፈረካከሳል። ቪትዝ ትንሽ ናት ቢባልም አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች።

ሌላው፣ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። ያንተው ትንሹ ክሪክ መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር የተሰጠህ ነው። ትልቁ የዘይት ክሪክም ቢሆን ውስጡ ያለው ጎሚኒ ካረጀ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ ባንዴ። መኪናዋን የሚይዝልህ የብረት ስታንድ ነው። ጥንድ ግዛ። ስንት ቶን እንደሚችል የተጻፈበትን ምረጥ።

አሁን ሥራህን ለሁለት ክፈለው። ለሸራው ከሥር መግባት አያስፈልግህም፤ ጎማውን አውልቀህ ከጎን ቁጭ ብለህ ትሠራዋለህ። እጅህ እዚያ ውስጥ ስለሚገባ ግን ስታንዱ ያኔም ይቀመጣል። ለዘይቱ ከሥር መግባት ግድ ነው። በዚህ ዝናብ፣ በዋልካ ላይ? እኔ ብሆን ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ወስጄ አስወርዳለሁ። ይህንን የምልህ ገበያ ፈልጌ አይደለም፤ ከቡሬ ማርቆስ ድረስ ዘይት ልቀይርልህ አልመጣም።

ኮሮላ ነጂ፣ ባሕር ዳር
ጋሼ የነገሩህን ስማ። እኔ የምጨምረው ስለ መሬቱ ነው። የዘይት ክሪክ ባለ ጎማ ከሆነ፣ መኪናዋን እያነሳ ሲሄድ ራሱም ትንሽ መንከባለል አለበት። ክንዱ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚወጣው፣ ቅስት እየሠራ ነው። አፈር ላይ ጎማዎቹ ይሰምጡና ክሪኩ ተቸክሎ ይቀራል። ከዚያ የሚንሸራተተው ከመኪናዋ ጋር የተያያዘው አናቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። ሲሚንቶ የተደረገበት ሜዳ ያለው ዘመድ ካለህ እዚያ ሂድ። ኮብልስቶን ጥሩ ይመስላል፣ ግን ድንጋዩ ከላላ ያው ነው።

ክሪኩን የት እንደምታስገባ ታውቃለህ? ከበሩ በታች ወደ ታች የወጣ የቆርቆሮ ጠርዝ አለ። ከፊት ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማ ትንሽ ወደ ፊት፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ጭረት ታገኛለህ። ትንሹ ክሪክ በጭረቶቹ መካከል ነው የሚገባው። በዘይት መያዣው ወይም በካምቢዮው ላይ እንዳታነሳት፤ ትሰብረዋለህ።

የአይሱዙ ሾፌር፣ ደጀን
ታኮ! ጎማ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚወሸቀውን ድንጋይ ወይም እንጨት ማለቴ ነው፤ ማንም ስለ ታኮ አልተናገረም። እኛ አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ስንበላሽ ረዳቱ መጀመሪያ የሚዘለው ታኮ ይዞ ነው፣ ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ሜዳ ነው ብለህ አትናቀው። የፊቱን ስታነሳ የኋላ ጎማዎችን በሁለቱም በኩል ታኮ አድርግ። (ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ድንጋዩን አንሱ። መንገድ ላይ ጥለውት የሚሄዱት እኛኑ ነው የሚገድሉን።)

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ሁላችሁም ኑሩልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት። ፒ ላይ አድርጌ የእጅ ፍሬን ከሳብኩ ታኮው ለምን ያስፈልጋል?

መካኒክ፣ ቡሬ
ጥሩ ጠየቅህ። አብዛኛዋን ቪትዝ የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው። ፒ ስታደርግ የሚታሰሩት የፊቶቹ ናቸው፣ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ የኋላዎቹን ይይዛል። አንዱን የፊት ጎማ ስታነሳ አየር ላይ ያለው ነፃ ስለሚሆን፣ ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው ጥርስ፣ በዲፈረንሻሉ በኩል መሬት ላይ ያለውም ይለቃል። ፒ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ያን ጊዜ የያዘህ የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው፣ የሱ ገመድ ደግሞ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ካነሳህ ተገላቢጦሽ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው አየር ላይ ያሉትን ነው። ታኮ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይይዛል።

አንባቢ፣ ፍኖተ ሰላም
እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር። ስታንድ እዚህ ሱቅ ፈልጌ አጣሁ። ብየዳ ቤት በቱቦላሬ ባሠራስ? ወይ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ባስቀምጥ? አያቶቻችን በእንጨት ቤት አቁመውበታል እኮ።

መካኒክ፣ ቡሬ
ቤት አይንቀሳቀስም። ክብ ጉማጅ ተኝቶ ከሆነ ይንከባለላል፣ ቆሞ ከሆነ ቃጫውን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ወፍራም፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ ደረቅ እንጨት፣ ጥንድ ጥንዱን እያገላበጡ እንደ መስቀል ቢደረድሩት ጥሩ ይይዛል፤ ከባድ መኪና እንደዚያ ይደገፋል። ግን ለቤት ሰው እንጨቱን መምረጥ ቀላል አይደለም። የቱቦላሬውን ነገር አልመክርህም። ብየዳው ከውጭ አምሮ ውስጡ ሳይያያዝ የቀረ እንደሆነ በዓይን አይታይም። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ላክ፣ ያመጣልሃል።

ኮሮላ ነጂ፣ ባሕር ዳር
ትርፍ ጎማውንም አትርሱ። የወለቀውን ጎማ ወይም ስኮርታውን ከበሩ ሥር፣ ከስታንዱ አጠገብ አስተኝቶ መክተት ነው። ሁሉም ነገር ቢከዳ መኪናዋ እሱ ላይ ታርፋለች። ምንም ወጪ የለውም።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ወሰንኩ። ዘይቱ ጋራዥ ይወርዳል። ሸራውን ታላቅ ወንድሜ ግቢ፣ ሲሚንቶው ላይ እሠራለሁ፣ ስታንድ ከመጣልኝ በኋላ። ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉን ቢነግሩኝ?

መካኒክ፣ ቡሬ
ሞተሩን አጥፋ። መኪናዋ ውስጥ ሰው አይኑር፣ ልጆችንም አርቅ። የእጅ ፍሬን፣ ታኮ። ከዚያ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች የጎማውን ዳዶዎች ትንሽ አላላቸው። አየር ላይ ሆና ጠንካራ ዳዶ ስትታገል ነው ከክሪክ የምትወድቀው። አንሳት፣ ስታንዱን ጠንካራ ቦታ ላይ አግባ፣ ክሪኩን ቀስ ብለህ አውርድና ክብደቷ ስታንዱ ላይ ይረፍ። ክሪኩን ግን አታውጣው፣ ነክቶ ይቆይ። ከዚያ መኪናዋን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርጋት። ከተነቃነቀች አውርደህ እንደገና ጀምር። የምትወድቅ ከሆነ እጅህ ሳይገባ ትውደቅ።

ስትጨርስ ዳዶዎቹን በእጅ አስገባ፣ መኪናዋን አውርድ፣ የመጨረሻውን ማጥበቅ መሬት ላይ አድርገው፣ በመስቀለኛ። መለኪያ ያለው ቁልፍ ካገኘህ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ላይ በእግርህ አትቁምበት፣ ቡሎኑን ትቆርጠዋለህ። ከመንቀሳቀስህ በፊት ደግሞ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፣ እስኪጠነክር ድረስ። ሸራ ስትቀይር የፍሬኑን ፒስተን ወደ ውስጥ ስለምትገፋው የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። ወንድምህ ግቢ በር ላይ አጥር ካለ ይህን አስታውስ።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
አጥርም አለ፣ የሱ መኪናም በሩ ላይ ቆማለች። አስወጣታለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ብሎኬቱን ለዶሮ ቤት ጠይቆኛል፣ ሰጠሁት።