ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን በሞዘል ወንዝ ዳር፦ የትኞቹን ከተሞች ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ፣ ከበዓሉ በኋላ ከኮብሌንዝ እስከ ትሪር ያለውን የሞዘል ሸለቆ ላሳያት አስቤአለሁ። አካባቢው የሚታወቀው በወይን ጠጅ ነው፤ እርሷ ግን አትጠጣም፤ የምትወደው ታሪክና አብያተ ክርስቲያናትን ነው። ጉልበቷን ስለሚያማትም ዳገትና ደረጃ ይከብዳታል። የምንጓዘው በባቡር ነው። የኮኸም ግንብ በፎቶግራፍ ሲታይ እጅግ ያምራል፤ ከዚያ ብንጀምርስ?

መልስ 1፦
ከትሪር እንዲጀምሩና ሁለቱን ቀን እዚያው እንዲያሳልፉ እመክራለሁ። አባ ሰላማን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ከእስክንድርያ ባጋዘው ጊዜ፣ እስከ 337 እ.ኤ.አ. ድረስ በስደት የኖረው በዚህች ከተማ ነው። ካቴድራሉ የተሠራው ንግሥት እሌኒ በሰጠችው ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ የራስ ቅሏ ነው የሚባለው ቅዱስ ዐፅምም እዚያው ተጠብቋል። መስቀልን አክብረው ለሚመጡ እናት ከዚህ የሚቀርብ ቦታ በሸለቆው ውስጥ አላውቅም።

ፖርታ ኒግራ የሚባለውን የሮማውያን የከተማ በር ሲያዩ ጠጋ ብለው ድንጋዮቹን ይመልከቱ። ያለ ኖራ የተደረደሩና በብረት ማያያዣ የተሰኩ ነበሩ፤ በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ብረቱን ለመውሰድ የቦረቦሯቸው ቀዳዳዎች ዛሬም ይታያሉ። በሩ ራሱ ከመፍረስ የዳነው ስምዖን የተባለ ግሪካዊ ባሕታዊ በውስጡ ዘግቶ ስለኖረና በ1035 ካረፈ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ነው። የከተማው መሐል ሜዳማ ስለሆነ እናትዎ አይቸገሩም።

መልስ 2፦
በትሪር እስማማለሁ፤ ሦስተኛውን ቀን ግን ለበርንካስተል ኩስ ይስጡ። ብዙ ጎብኚ የሚቆመው አሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች ባሉበት አደባባይ ነው፤ እኔ ግን ድልድዩን ተሻግራችሁ የኩሱ ተወላጅ ካርዲናል ኒኮላውስ በ1458 ወዳቋቋመው የአረጋውያን መጦሪያ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። በጌታችን ዕድሜ ልክ 33 አረጋውያን እንዲጦሩበት የተመሠረተው ይህ ቤት ዛሬም የአረጋውያን መኖሪያ ነው። የመሥራቹ አካል ሮም ሲቀበር፣ ልቡ ግን በቤቱ ጸሎት ቤት ውስጥ አርፏል። ባቡር እዚያ ስለማይደርስ ከቪትሊኽ ጣቢያ አውቶቡስ ትይዛላችሁ።

መልስ 3፦
የኮኸምን ግንብ ፈረንሳዮች በ1689 አፍርሰውታል፤ አሁን የሚታየውን በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ የበርሊን ነጋዴ ነው ያሠራው። ከባቡር መስኮት ማየቱ ለእናትዎ ይበቃል። ፈርሶ የማያውቀውና ከ800 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየው የኤልትዝ ግንብ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ደረጃ ይበዛዋል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አትናቴዎስ ስደት ለእናቴ ትናንት ማታ በስልክ ስነግራት ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ «በል እንግዲህ፣ ነጠላዬን አልረሳም» አለችኝ። በትሪር ጀምረን በኩስ እንጨርሳለን፤ ኤልትዝን እኔ ሌላ ጊዜ ለብቻዬ አየዋለሁ።