ድሬ ላይ ጋምቦ? ከላፋዬት የመጣ እንግዳ የት ልውሰድ?

የከዚራዋ

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

የእህቴ ልጅ ሂውስተን ነው የሚኖረው፤ ከባድ መኪና ይነዳል። ዘንድሮ ለእረፍት ሲመጣ አብሮት የሚሠራ ፈረንጅ ይዞ ይመጣል። ፈረንጁ የሉዊዚያና ሰው ነው፤ ላፋዬት የሚባል ከተማ ተወልዶ ያደገ። ልጁ ደወለና «አክስቴ፣ ድሬ የካጁን ምግብ የሚሠራ ቤት ተከፈተ አሉ፤ አንድ ማታ እዚያ ወስደን እናስደንቀዋለን» አለኝ። እኔ ደግሞ ሳልቀምስ እንግዳ የትም አልወስድም። ቀድሜ ሄድኩ።

ቦታው ደስ ይላል። ዛፍ ሥር ነው፤ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲሰበር ነፋስ አለው። አስተናጋጆቹም ጨዋ ናቸው። ችግሩ ሳህኑ ላይ ነው። «ጋምቦ» ብዬ አዘዝኩ። የመጣልኝ ቀይ የቲማቲም ስጎ ነው። ውስጡ የዶሮ ደረትና የፈረሰ ባሚያ አለ፤ ከላይ በርበሬ ይሁን ሚጥሚጣ ያለየሁት ዱቄት ተነስንሶበታል። ከሥሩ ፓስታ። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ «ካጁን ቺክን» አዘዘች፤ ያው ቀይ ዱቄት የለበሰ ዶሮ ከድንች ጥብስ ጋር መጣላት። የሷ እንኳን ይበላል፤ አልዋሽም፣ እኔም ከሳህኗ ሁለቴ ሰርቄያለሁ።

እኔ የምግብ ሰው አይደለሁም፤ ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ግን ሰውየው የእናቱን ምግብ ብሎ ገብቶ ስጎ በፓስታ ቢቀርብለት ምን ይላል? ፈረንጅ ነው፤ «ናይስ» ብሎ ይጨርሰው ይሆናል። የሚያፍረው የኔ ልጅ ነው።

እዚያ አገር የኖራችሁ ካላችሁ፣ ይሄ ጋምቦ የሚሉት በትክክል ምንድነው? እዚያ ቤት ልውሰደው ወይስ እቤት ላብስልለት?

ሌላም አለ። አባቴ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ነው። «ካጁኖች ፈረንሳይኛ ይናገራሉ» ሲባል ሰምቶ ካሁኑ ሸሚዝ አስተኩሷል። ፈረንሳይኛ የሚያወራው ጓደኛ ካጣ ቆይቷል። እውነት ይናገራሉ?

አቦ ተወኝ

አቦ፣ ፓስታውን ለኔ ላኪልኝ! ድሬ ላይ ስጎ ያልነካው የፈረንጅ ምግብ ካገኘሽ ደግሞ ደውይልኝ፤ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ።

ጥቁር ድስት

እህቴ፣ ሉዊዚያና ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቼ ነው የተመለስኩት። መጀመሪያ ሳህን አጣቢ ነበርኩ፣ በኋላ ድስት ላይ ቆምኩ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ረዘም ቢል ቻይኝ።

ከሰዎቹ ልጀምር። ካጁኖች መነሻቸው ካናዳ ነው። ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አካባቢ ሰፍረው የነበሩ ፈረንሳዮች ናቸው፤ አካዲያን ይባሉ ነበር። ከ1755 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) እንግሊዞች ከመሬታቸው ነቅለው በመርከብ እየጫኑ በተኗቸው። ከተበተኑት ብዙዎቹ በ1760ዎቹና ከዚያ በኋላ ደቡብ ሉዊዚያና ደረሱ፤ ረግረጉና ሜዳው ላይ ሰፈሩ። ምግባቸውም የገበሬና የአሳ አጥማጅ ምግብ ነው፦ አንድ ድስት፣ የተገኘው ሥጋ፣ ብዙ ሰዓት። ኒው ኦርሊንስ ያለው ክሪዮል የሚባለው ምግብ ደግሞ የከተማ ነው፤ ቲማቲምና ቅቤ ይወዳል። ሁለቱ ይዋዋሳሉ፤ ጋምቦም ሁለቱም ጋ አለ። ግን ላፋዬት ያደገ ሰው ጋምቦው ቀይ ሆኖ ሲመጣ ካየ ፊቱ ይቀየራል።

አሁን ወደ ድስቱ። የካጁን ጋምቦ ቀለሙን የሚያገኘው ከዱቄት ነው። ወፍራም ብረት ድስት ላይ ዘይትና የስንዴ ዱቄት እኩል ታደርጊያለሽ። ሩ ይሉታል። መካከለኛ እሳት ላይ ሳታቋርጪ ታማስያለሽ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አርባ አምስት ደቂቃ። ነጩ መጀመሪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ይመስላል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ መጨረሻ ላይ ቸኮሌት ይሆናል። ስልክ አይነሳም፣ በር አይከፈትም። ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽበት አርሯል፤ ይደፋና እንደ አዲስ ይጀመራል። እናቶቻችን ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ድስቱ ላይ እንደሚቆሙት ማለት ነው። ሲደርስ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይገባበታል። ሦስቱን «ቅድስት ሥላሴ» ነው የሚሏቸው፤ ካቶሊኮች ናቸው፣ አትቀየሚ። ከዚያ የዶሮ መረቅ፣ ዶሮው፣ በጭስ የደረቀ ሶሴጅ ይጨመርና ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ሰዓት ይንተከተካል። የሚቀርበው በነጭ ሩዝ ነው። ፓስታ የሚባል ነገር የለም።

ባሚያው ልክ ነው። ግን ጋምቦ ሁሉ ባሚያ የለውም። አንዳንዱ በባሚያ ይወፍራል፤ አንዳንዱ ፊሌ በሚባል ዱቄት። ፊሌ የሳሳፍራስ ዛፍ ቅጠል ደርቆ ተፈጭቶ ነው፤ ቾክታው ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች የተገኘ። ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚነሰነሰው፤ አብሮ ከፈላ ይለጠጥና ያስጠላል።

ማቃጠሉን በተመለከተ ደግሞ፣ ካጁን ማለት የሚያቃጥል ማለት አይደለም። ቅመም አለው፤ የፈለገ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚጨምረው። ታባስኮ የሚባለው የሚያቃጥል የቃሪያ ስጎ እዚያው ሰፈር፣ ኤቨሪ አይላንድ በሚባል ቦታ ከ1868 ጀምሮ ይሠራል። ቢስባስ ለለመደ የድሬ ሰው ጨዋታ ነው።

ታዲያ የጓደኛሽ ቀይ ዶሮ ከየት መጣ? ፖል ፕሩዶም የሚባል ሼፍ ነበር፤ ላፋዬት አጠገብ ኦፔሉሳስ የተወለደ። በ1979 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኬ-ፖልስ የሚባል ምግብ ቤት ከሚስቱ ጋር ከፈተ። አሳውን ቅቤ ውስጥ ነክሮ፣ ቅመም አልብሶ፣ በጣም በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ያጠቁረው ነበር። ሰው አበደለት። ሬድፊሽ የሚባለው አሳ በ1980ዎቹ ከመጠን በላይ ከመጠመዱ የተነሳ መንግሥት ገደብ እስከ መጣል ደረሰ። ያ ጥቁር አሳ የአያቶች ምግብ አልነበረም፤ የሱ የራሱ ነው። ከሱ ወዲህ ግን በየአገሩ ቀይ ዱቄት የነካው ሁሉ «ካጁን» ይባላል። ዱባይም አዲስ አበባም አይቼዋለሁ። የድሬው ቤት ብቻውን አልበደለም።

ለአባትሽ፦ የድሮዎቹ ይናገራሉ። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ካለ በኋላ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ ካወሩ ይቀጡ ነበር። በ1968 ቋንቋውን የሚያስነሳ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ግን ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ማውረስ አቁመው ነበር። እንግዳሽ ወጣት ከሆነ ጥቂት ቃልና ስድብ ይችል ይሆናል። የመጣችው አያቱ ብትሆን ከአባትሽ ጋር ያነጉ ነበር።

ምክሬ ይሄ ነው። ተመልሰሽ ሂጂና አስተናጋጁን ተይው፤ ሼፉን ጥሪና «ሩውን ምን ቀለም እስኪይዝ ነው የምታማስለው?» በይው። ካፈጠጠብሽ እቤትሽ አብስይ።

ከጀጎል

ሰላም ነው? እኔ ግን አልገባኝም። ሰው ከሂውስተን ተነስቶ ድሬ ድረስ የራሱን አገር ምግብ ሊበላ ይመጣል እንዴ? ሐረር አምጪውና ሁልበት መረቅ እናብላው፤ ጠዋት ደግሞ ፉል። ላፋዬት ሲመለስ ጋምቦውን ይበላል።

እሺ፣ የግድ ካልሽ ስለ ባሚያው ልንገርሽ። የፈረሰው ውሃ እንደነካው ስለተከተፈ ነው። መጀመሪያ እጠቢው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ ከዚያ ክተፊው። ለብቻው ትንሽ ዘይት ላይ ልጉ እስኪጠፋ ጥበሺው። ድስቱ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ይግባ። ቀፊራ በጠዋት ከሄድሽ ትንንሹን ታገኛለሽ፤ ትልቁ እንጨት ነው፣ አትግዢ።

ጥቁር ድስት፣ ያልከው ሶሴጅ የአሳማ ነው አይደል? እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እሷም ክርስቲያን ብትሆን አትበላውም። ታዲያ ድሬ ላይ ማን ሊበላው ነው?

ጥቁር ድስት

የባሚያው ምክርሽ እዚያም የሚሠራበት ነው፤ አሮጊቶቹ መጀመሪያ ጠብሰው ነው የሚያስገቡት።

አዎ፣ አሳማ ነው። አንዱዪ የሚሉት ሶሴጅ፣ ታሶ የሚሉት የተጨሰ ሥጋ፣ በሩዝ የሚሞላው ቡዳን፣ ሁሉም አሳማ። ግን እዚያው ሉዊዚያና የበሬም የተርኪም ሶሴጅ ይሸጣል። የዶሮ ብቻ ጋምቦ አለ፣ የዳክዬ አለ። ያለ አሳማ ጋምቦው ጋምቦነቱን አያጣም። ያለ ሩ ነው የሚያጣው።

እንዲያውም ልብ በሉ፣ ሩው በዘይት ነው እንጂ በቅቤ አይደለም። የባሚያና የቅጠላ ቅጠል ብቻ ካደረግሽው ለጾም ይሆናል። እነሱም በዐቢይ ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም። ክሮፊሽ የሚባለው የወንዝ እንስሳ በደንብ የሚገኘውም ያኔ ነው፤ ከድንችና ከበቆሎ ጋር በቅመም ቀቅለው ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉታል። እሱን ግን ድሬ ላይ አትሞክሩት። ደቻቱ ወንዛችን እንኳን ክሮፊሽ ውሃም የሚኖረው ሲያሻው ነው።

ለገሃር ማዶ

ሼፍ ነኝ ብለህ ብዙ አወራህ ጌታው። አንድ ልጠይቅህ። አርባ አምስት ደቂቃ ዱቄት እያማሰልክ፣ ሦስት ሰዓት ጋዝ እያቃጠልክ ሳህኑን በስንት ልትሸጠው ነው? የድሬ ሰው ምሳ በልቶ፣ ጫቱን ይዞ፣ ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ቤቱ ኪራይ አለበት። ስጎ ፈጣን ነው፣ ሰውም ይወደዋል።

ደግሞ እኛም እንተዛዘብ። አሜሪካ ያለው ሐበሻ ቤት እንጀራውን ከስንት ዓይነት ዱቄት ቀላቅሎ ነው የሚጋግረው? እሱን «እንጀራ ነው» ብለን እንበላለን፤ ማንም ፍርድ ቤት አልወሰደው። ልጁን ተዉት ይሥራበት።

በተረፈ እኔ ብሆን ዶሮውን ትቼ በግመል ሥጋ ነበር የምሠራው። ሦስት ሰዓት እሳት የሚችል ሥጋ እሱ ነው።

አቦ ተወኝ

የግመል ጋምቦ! ወላሂ ይሄን የሚሠራ ካለ እኔ ቀዳሚ ተሰላፊ ነኝ።

ጥቁር ድስት

ለገሃር ማዶ፣ የግመሉን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ስቀልድ አይደለም። የእንጀራውም ነገር እውነት ነው። ግን እንጀራው ሲቀላቀልም ይቦካል፣ ዓይን ያወጣል። ጤፉ ቢያንስም ሥራው አልተዘለለም። እዚህ የተዘለለው ሥራው ነው።

የጋዙ ምክንያት አያሳምነኝም። ሩ በብዛት ተሠርቶ ይቀመጣል። ሉዊዚያና ሱፐርማርኬት ብትገባ በጠርሙስ ተሞልቶ ተደርድሯል፤ ስንፍና ነው ብሎ የሚያማ የለም። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ሠርተህ ፍሪጅ ብታስገባ ለሳምንቱ ይበቃሃል። ለየሳህኑ በማንኪያ ነው የሚወጣው።

የከዚራዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሄጄ ጠየቅኩት።

ሼፉ ወጣት ነው። ጥያቄውን ስጠይቀው አላፈጠጠም፤ ሳቀ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ለካ ጅቡቲ አሜሪካኖች ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቷል፤ እዚያ አንድ የሉዊዚያና ሰው ነው ያስተማረው። ሩውን ጥቁር ቡና እስኪመስል እንደሚያደርሰው በእጁ እያማሰለ አሳየኝ። መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ደንበኛ «ይሄ ያረረ ወጥ ነው» እያለ መለሰበት። ባለቤቱም ቀይ አድርገው አለው፣ ቀይ ሆነ። ፓስታውም የባለቤቱ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ተስማማን። ከዋዜማው ከነገርኩት ለብቻችን አንድ ድስት ይሠራልናል። በዶሮና በበሬ ሶሴጅ፤ ባሚያውን ከቀፊራ እኔ አመጣለሁ፣ ደርቆ ይከተፋል። ሩዙን ግን ከቤት ይዤ ነው የምሄደው፤ የነሱን አይቼዋለሁ፣ ሙጫ ነው። የጠርሙሱን ነገር ነገርኩት፣ ጻፈው። ግመሉን ሳነሳበት ደግሞ ዓይኑ በራ፤ ለገሃር ማዶ፣ ሂድና አናግረው።

ጀጎል፣ በማግስቱ ሐረር እንመጣለን፤ ሁልበት መረቁ ይዘጋጅ። ለአባቴ ስለ 1921ዱ ሕግ ሳነብለት ተናደደ። ሸሚዙን ግን አላወለቀም፤ «ቦንዡር ካለ ይበቃኛል» ነው የሚለው።

ፊሌ ድሬ የለም፤ ሼፉም ከጅቡቲ ከወጣ ወዲህ አላየውም። ለእህቴ ልጅ ጽፌለታለሁ፦ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ይምጣ፣ አንዱ ለሼፉ። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከጠፋ የሚያመጣልኝን ጫማ ይተወው።