«በገዛ ሰዓታቸው» ማለት የማን ሰዓት ነው?

ምሽት ሁለት ሰዓት
ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ስለ ወጣቶች ሥራ ሲያወራ እንዲህ አለ፦ «እነዚህ ቢሮ ከሌላቸው የውጭ ኩባንያዎች ጋር የሚሠሩ ልጆች ምን አለባቸው፤ ቤታቸው ተቀምጠው፣ በገዛ ሰዓታቸው፣ በዶላር!» አዘጋጁም ሳይጠይቀው አለፈ። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ሙሉ በሙሉ ሪሞት የሆነ፣ ማለትም ሁሉም ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራበት የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ስሠራ 4 ዓመቴ ነው። ቢሮ የለውም፣ እውነት ነው። አለቆቹ ግን ሁሉም ካሊፎርኒያ ናቸው። የእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት የእኔ ምሽት 1 ሰዓት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ምሽት 2 ይሆናል። ከምሳ በኋላ «ለአንድ አፍታ እንገናኝ» ካሉ እኔ ጋ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ልጄን አስተኝቼ አላውቅም። በሩ ሥር በሚገባው መብራት ጣቷን አሾልካ «አባ፣ ጨረስክ?» ትለኛለች። ይህ ነው የገዛ ሰዓቴ?

የሜክሲኮ ተሰላፊ
እንግዳው ምን አጠፋ? እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ከአያት ሜክሲኮ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ማታም እንደዚያው። በቀን 3 ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል፤ እሱን ማንም አይከፍለኝም። በሐምሌ 2016 ዶላሩ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ ወዲያው 100 አለፈ። የእኔ ደመወዝ ባለበት ቀረ፤ የእናንተ እጥፍ ሆነ። አንተ ምሽት ላይ ብትሠራም ቀኑ የአንተ ነው። በገዛ ሰዓታችሁ ነው የምትሠሩት፣ አለቀ።

የሰሚት እናት
«ቀኑ የአንተ ነው» ያልከው ልቤ ላይ ቀረ። የትኛው ቀን? ሌሊት 8 ሰዓት የተኛ ሰው 12 ሰዓት ላይ ልጅ ይቀሰቅሰዋል። ቀኑን የምናሳልፈው ፈዘን ነው።

ዶላሩንም እንነጋገርበት። እኔ «ኮንትራክተር» ነኝ። በወሩ መጨረሻ ኢንቮይስ እልካለሁ፣ ይከፈለኛል። ወለድኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለእኔ ግን አይደርስም፤ በእነሱ ወረቀት ሠራተኛ አይደለሁማ። ጡረታ የለኝም። የትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። አራስ ቤት ሆኜ፣ በ26ኛው ቀን፣ ሕፃኑን በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ የደንበኛ ቅሬታ መለስኩ። ካልሠራሁ ኢንቮይሱ ላይ የምጽፈው የለማ።

ባሕር ዳር ነኝ
ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ግን የምትከሱት ሪሞትን ሳይሆን የእናንተን ኩባንያ ነው። ቢሮውን አፍርሰው የቢሮውን ጠባይ ይዘው የቀሩ ኩባንያዎች አሉ። ሁሉን ነገር በስብሰባ ይወስናሉ፣ ከዚያ የሩቁ ሰው ሌሊት ይነሳል።

የእኛ እንደዚያ አይደለም። ሁሉ ነገር ይጻፋል። ውሳኔ ሲወሰን ለምን እንደተወሰነ ይጻፋል፤ እኔ ጠዋት ተነስቼ ቡናዬን ይዤ አነበዋለሁ። ስብሰባ በሳምንት አንድ ነው፤ እሱም ይቀረጻል። የሶፍትዌር ኩባንያውን ጊትላብን እዩ። ዋና መሥሪያ ቤት ሳይኖረው በጥቅምት 2014 ናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ገባ፤ የአሠራር መመሪያውንም ማንም እንዲያነበው ክፍት አድርጎታል። የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ ዶት ኮም ባለቤት፣ አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ቢሮ ነበረው፤ የሚመጣበት ሰው ስላነሰ በ2009 ዘጋው። በዚህ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ወጥቼ እናቴ ጋ ተመልሻለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጣት እኔ ነኝ። ይህን የሰጠኝን ሥራ ስሙን ሲያጠፉት ዝም ብዬ አላይም።

ምሽት ሁለት ሰዓት
«ቢሮውን አፍርሰው የቢሮውን ጠባይ ይዘው» ያልከው ልክ ነው። ግን ወንድሜ፣ አብዛኞቻችን ያለነው እዚያ ውስጥ ነው። ጊትላብን ማንሳት ቀላል ነው። እኔን የቀጠረኝ ሌላ ነው።

ቡድን መሪ
የምሠራው እዚሁ አገር ውስጥ ባለ የሶፍትዌር ድርጅት ነው፣ ቢሮ አለን። ስለዚህ ለማንም ጠበቃ አይደለሁም። «ሁሉ ነገር ይጻፋል» የሚለው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። በምን ቋንቋ?

ከሪሞት ኩባንያ ወደ እኛ የመጣ ልጅ አለ። ኮድ ላይ እሳት ነው። እዚያ 2 ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ሐሳብ አቅርቦ አያውቅም። ለምን ስለው «አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ አጥፍቼ፣ ደግሜ ጽፌ ስጨርስ እነሱ ወስነው አልቋል» አለኝ። ሁሉ በጽሑፍ በሆነበት ቤት፣ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ጎበዝ ይመስላል። የእኛ ልጅ ዝምተኛ ተብሎ ይቀራል። እኔ ጋ ወንበሩን ወደ ጎረቤቱ ስቦ «ይሄ ነገር እንዲህ ቢሆንስ?» ይላል። በ3 ወር ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ።

ባሕር ዳር ነኝ
ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። እኔም የመጀመሪያውን 6 ወር እንደዚያ ነበርኩ። ግን ቢሮ ውስጥስ? አለቃ ፊት ማን ይናገራል? እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ስሠራ 3 ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ የሚያወራው አንድ ሰው ነበር። በጽሑፍ ቢያንስ ማንም አያቋርጠኝም።

የሜክሲኮ ተሰላፊ
ባሕር ዳር ያልከው ወንድሜ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችሁ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ መመሪያውን በምን አነበብከው?

ባሕር ዳር ነኝ
የመስመር ኢንተርኔት ያለው ሆቴል ሎቢ ውስጥ። በቀን ሁለት ሻይ አዝዤ፣ አስተናጋጇን እየተሳቀቅኩ። ያውም መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ብቻ። ኩባንያዬ ግን «በቻልክበት ሰዓት ሥራ» አለኝ፤ ከደመወዜ ሳንቲም አልነካም።

ከቨርጂኒያ
እኔ ደግሞ ከዚያኛው ወገን ነኝ። አሜሪካ ሆኜ ሪሞት እሠራለሁ፣ ቡድናችን ውስጥ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ስብሰባውን ለከሰዓት በኋላ ስይዝ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንደኛው ካሜራውን ሲከፍት ከኋላው ጨለማ ነው፤ ጋቢ ለብሷል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ቤተሰቡ ተኝቷል። የአገሬ ልጅ ሆኜ ሰዓቱን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። በጣም አፈርኩ። ልጁ ግን አንድም ቀን ቅሬታ አላሰማም። ለምንድነው የማትናገሩት?

የሰሚት እናት
እህቴ፣ ቅር አይበልሽና «ለምን አትናገሩም» ማለት ለአንቺ ቀላል ነው። አንቺን ለማባረር ቢያንስ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔን ለማባረር አንድ ኢሜይል በቂ ነው። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት አገር ምድሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘጋ ያኔ የምሠራበት ድርጅት ጋ መድረስ አልቻልኩም። ሲለቀቅ የጠበቀኝ «ስላላገኘንሽ ሌላ ሰው ወስደናል» የሚል መልእክት ነው። ስድብ የለውም፣ ቁጣ የለውም። ሦስት መስመር። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓት አፌን አልከፍትም።

የቀድሞ ሪሞት
ስለ ሰዓትና ዶላር ብቻ ታወራላችሁ። እኔ ሥራውን የለቀቅኩት በአባቴ ለቅሶ ነው። የሥራ መልእክት በምንለዋወጥበት ስላክ ላይ ጻፍኩ። 34 ሰው የልብ ምልክት አደረገ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አለቃዬም ደውሎ አጽናናኝ። ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ከሥራ ቦታዬ አንድ ሰው አልነበረም። እናቴ «የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች የሉም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሠራተኛችን እናት ስትሞት በሁለት ሰርቪስ ነው የሄድነው፤ አዋጥተን። የእናቴ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ባሕር ዳር ነኝ
ነፍስ ይማር። ግን እኔ ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ሪሞት ኩባንያዬ 2 ሳምንት ሰጠኝ። አዋጁ የሚያስገድደው 3 የሥራ ቀን ነው። በሰርቪስ የመጡት በአራተኛው ቀን ቢሮ ይጠብቁሃል።

የቀድሞ ሪሞት
የቀን ቆጠራ አይደለም ያነሳሁት።

ቡድን መሪ
እዚህ ላይ ከቀድሞ ሪሞት ጋር ነኝ። ሰው አብሮት የሚሠራው ሰው ሐዘኑን በዓይኑ እንዲያይለት ይፈልጋል።

ምሽት ሁለት ሰዓት
ደመወዙንስ ማን ያንሳው? ካሊፎርኒያ ያለው ባልደረባዬ የሚሠራውን ያንኑ ሥራ ነው የምሠራው። «እንደ አካባቢህ ኑሮ» ተብሎ የሩቡን ያህል ይከፈለኛል። ጊትላብ ራሱ ደመወዝ እንደየአካባቢው ነው የሚያሰላው፣ ባደባባይ ጽፎታል። ቤዝካምፕ የተባለውን ሶፍትዌር የሚሠራው 37ሲግናልስ ግን የትም ኑር የት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ እከፍላለሁ ብሎ ይከፍላል። ስለዚህ ይቻላል። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ለስብሰባ ሲሆን በካሊፎርኒያ ሰዓት፣ ለክፍያ ሲሆን በአዲስ አበባ ዋጋ!

የሜክሲኮ ተሰላፊ
ሩቡም ቢሆን ከእኔ ስንት እጥፍ ነው?

ምሽት ሁለት ሰዓት
አምስት ያህል።

የሜክሲኮ ተሰላፊ
ታዲያ! እኔ ልጄን የማየው ሰንበት ሰንበት ነው፤ ስወጣ ተኝታ፣ ስገባ ተኝታ። አምስት እጥፍ አይከፈለኝም። ከመጀመሪያው የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰልኝም። ይህን ያህል ካንገሸገሻችሁ፣ ከእናንተ ውስጥ ሥራውን ለቆ የእኔን ሰልፍ የሚይዝ ማነው?

ከቨርጂኒያ
ወንድሜ፣ ሰው የሚጎዳውን ነገር ለመናገር ሥራውን መልቀቅ አለበት እንዴ?

የሜክሲኮ ተሰላፊ
አልወጣኝም። ማነው የሚለቀው ነው ያልኩት።

የሰሚት እናት
እኔ። ባለፈው ወር ቦሌ ያለ ድርጅት ፈተና ወስጄ አልፌያለሁ። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ሲሶ ነው። ጡረታ አለው፤ የወሊድ ፈቃድ አለው፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ባለቤቴ «በዚህ የቤት ኪራይ?» ይለኛል፤ ልክ ነው። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል፤ እስካሁን አልሰጠሁም።