በፈረንሳይ ቦዮች ላይ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ፦ ለወላጆቼ የትኛውን ትጠቁሙኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ነዋሪነቴ ፓሪስ ነው። አባቴና እናቴ በነሐሴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ይመጣሉ። አባቴ ባሕር ዳር ሄደው ጣና ላይ ከተሳፈሩ ወዲህ ጀልባ ሲባል ዐይናቸው ይበራል። እናቴ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፍልሰታንም ይጾማሉ። ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሉን። የሴን ወንዙን ትልቅ መርከብ ጠግበነዋል። ቦይ ላይ የተጓዛችሁ ካላችሁ፣ ለአንድ ቀን የሚሆን ጠቁሙኝ።

መልስ

እህቴ፣ የቦይ ጉዞ ትልቁ ትርኢት ፈረንሳዮች ኤክሉዝ የሚሉት የውሃ በር ነው። ጀልባው ጉድጓድ ወደሚመስል ክፍል ይገባል፤ በሩ ከኋላ ይዘጋል፤ ውሃ ሲለቀቅ እርጥቡ የድንጋይ ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ ታች ይቀራል፣ እናንተም መንገዱ ላይ ካሉት ሰዎች እግር ጋር ትስተካከላላችሁ። አባትሽ ይህን ካዩ ሌላ ወሬ አይኖራቸውም።

ለእናንተ የምመርጠው እዚያው ፓሪስ ውስጥ ያለውን ቦይ፣ ካናል ሳን ማርተንን ነው። ካኖራማ የሚባለው ድርጅት ባስቲል አጠገብ ካለው አርሰናል ወደብ እስከ ላ ቪሌት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያጓጉዛል። መንገዱ 4.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን 9 በሮች አሉት፣ 25 ሜትር ያህልም ሽቅብ ያወጣል። መጀመሪያ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመንገድ በታች ነው፤ ከጣሪያው ቀዳዳዎች ብርሃን ውሃው ላይ ይወርዳል። ናፖሊዮን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1802 ያዘዘው፣ በ1825 የተከፈተ ቦይ ነው። እናትሽ ከመቀመጫቸው አይነሡም። ልጆቹ እስከ አራተኛው በር ይደነቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ብስኩት ያስፈልጋል።

አባትሽ መሪ መጨበጥ ካማራቸው እዚያው ላ ቪሌት ላይ ማረን ዶ ዱስ የሚባል ድርጅት ያለ ፈቃድ የሚነዱ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጀልባዎች በሰዓት ያከራያል። ወደ ፓንተን አቅጣጫ በር የለም፣ ስለዚህ ለጀማሪ ይመቻል። አካባቢው ግን ሲሚንቶና የግድግዳ ሥዕል ነው፤ አረንጓዴ የጠበቀ ሰው ቅር ይለዋል።

በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን ካናል ዱ ሚዲን የሚያነሡልሽ ይኖራሉ። እኔም እወደዋለሁ፤ በ1681 የተጠናቀቀ፣ 240 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የበሮቹ ክፍሎች የአፈሩን ግፊት እንዲችሉ በእንቁላል ቅርጽ የተሠሩበት ቦይ ነው። ነገር ግን እዚያ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ለአንድ ቀን ጀልባ ተከራየን፤ ቁልቁል የምንወርድበት በር ውስጥ ገመዱን አጥብቄ ቋጠርኩት። ውሃው ወረደ፣ ጀልባው በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ፣ የሻይ ብርጭቆው ሁሉ ወለል ላይ ፈሰሰ። የበሩ ጠባቂ እየጮኸ ውሃውን ባይዘጋልን ኖሮ እንገለበጥ ነበር። ገመድ በምሰሶው ላይ ዞር ተደርጎ በእጅ ይያዛል፣ በውሃው ልክም ይለቀቃል እንጂ አይቋጠርም። ያከራየን ሰው ይህን ሳይነግረን ነው ቁልፉን የሰጠን።

አንድ ቀን ከሄዳችሁ በቤዚዬ አቅራቢያ ከኮሎምቢዬ ተከራዩ፤ እዚያ 54 ኪሎ ሜትር ያለ አንድም በር ይዘልቃል። ማልፓስ የተባለውን የ1679 ዋሻ ታልፋላችሁ፤ ሁለት ጀልባ ስለማያሳልፍ ከመግባታችሁ በፊት ጡሩምባ ንፉ። ኮፍያ ያዙ፤ ቦዩን ያጠሉት የነበሩት የፕላታን ዛፎች ከፈረንጆቹ 2006 ወዲህ በታየ በሽታ ምክንያት በብዙ ሺህ ተቆርጠዋል። ከፓሪስ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ግን እናትሽን አታድክሚ።

ሌላ መልስ

እኔ ስትራስቡርግ ነኝ። ወደዚህ የምትመጡ ከሆነ አርዝቪለር የሚባለው የጀልባ ማንሻ አለ፦ በፈረንጆቹ 1969 የተሠራ፣ ጀልባውን ከነውሃው በገንዳ አድርጎ 44 ሜትር ተኩል በዳገት የሚያወጣና የሚያወርድ። 17 በሮችን ነው የተካው። የሽርሽር ጀልባ ተሳፍራችሁ መውረድ ትችላላችሁ። መኪና ከሌላችሁ ግን አስቸጋሪ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳን ማርተንን መርጫለሁ። የጾም ምግብ ጀልባው ላይ ይገኝ ይሆን?

መልስ

አትመኚው። ቅቤና አይብ የሌለበት ነገር ማግኘት ይቸግራል። ሽሮ ፍትፍቱን በሳህን ቋጥረሽ፣ ሲወርዱ ላ ቪሌት ሣሩ ላይ አቅርቢላቸው። መሳፈሪያው ላይ ደረጃ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ቲኬት ስትይዢ ጠይቂ።